በሻይ ሰዓት የተሠሩ ቤቶች

ጋሽ ታፈሰ ማረፉን የሰማሁት መራዊ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። የነገረችኝ ወርቄ ናት፤ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት በአንድ ፈረቃ አብራኝ የሠራች ባልደረባዬ። ሽመና ክፍል ጉልበታችንን የጨረስን ሰዎች ጆሯችን ከብዷል፤ ስለዚህ ገበያ መካከል እየጮኸች ከምታረዳኝ በእጇ ነገረችኝ። ሁለት መዳፎቿን ከፍ አደረገች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ መሬት ተጫነቻቸው። ይህን ምልክት ከእኛ ክፍል ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። «አፍርሱ» ማለት ነው፤ ባለቤቱም ጋሽ ታፈሰ ነው። ስም መጥራት አላስፈለጋትም። እዚያው ባለ ሽንኩርቷ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ ሴትዮዋ ዋጋው ያስለቀሰኝ መስሏት ቀነሰችልኝ።

በአገሬ ልማድ በሃያ ዓመት የሚበልጥን ሰው «እሱ» እያሉ መጻፍ ነውር ነው። ምን ላድርግ፣ የራሱ ትእዛዝ ነው። ጋሽ ታፈሰ የድሬዳዋ ልጅ ነበር። ለሥራ አስኪያጁም፣ ለንስሐ አባቱም፣ ጠመንጃ ላነገተው አብዮት ጠባቂም ያለው አንድ ቃል ነው፦ አንተ። ፋብሪካ የገባሁ ዕለት ጎንበስ ብዬ «እንደምን አደሩ» ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ሰው መኖሩን አየ። «አቦ፣ እኔን ነው? እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ አንተ በይኝ» አለኝ። ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀኝና ነገርሁት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ መራዊ ሆኖ ቀረ። ከወንጂ የመጣው ወንጂ ነው፤ ከአሥመራ የመጣችው አሥመራ ናት። ፋብሪካው ሰው ያልሰበሰበበት አገር ስላልነበረ፣ ጋሽ ታፈሰ ስማችንን ሲጠራ የአውቶቡስ ረዳት ይመስል ነበር።

ሥራው መካኒክ ነው፤ የቆመ የሽመና ማሽን ያስነሣል። ረጅምና ቀጭን ሰው ነበር። ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ጠፍቶ ስለማያውቅ፣ በእውነት መሸበት ሲጀምር ማንም ልብ አላለውም። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ግማሿ የለችም። አዳራሹ ውስጥ አየሩ ሲደርቅ ክር ይበጠሳል፣ ሲረጥብ ደግሞ ያብጣል፤ ጋሽ ታፈሰ መዳፉን ድሩ ላይ ያሳርፍና ወይ «ጠጥቷል» ወይ «ጠምቶታል» ይላል። ሲሳሳት አላየሁትም። ያሰረው ቋጠሮም ሲፈታ አላየሁም።

ሰው የሚያስታውሰው ግን በዚህ አይደለም። የሚያስታውሰው በሻይ ሰዓት በሠራቸው ቤቶች ነው።

ጥሩምባው ተነፍቶ ማሽኖቹ ጸጥ ሲሉ፣ ሻያችንን ይዘን በሐይቁ በኩል ካለው ግንብ ሥር እንቀመጣለን። ጋሽ ታፈሰ በመጀመሪያ ሀብቱ ከየት እንደ መጣ ይናገራል። አንድ ቀን ሎተሪ ወጥቶለታል፤ አንድ ቀን ጅዳ የሞተ አጎት አውርሶታል፤ አንድ ቀን ሽንት ቤት ሲያስቆፍር ወርቅ የሞላው እንስራ አግኝቷል። ከዚያ ቤቱ ይሠራል። መሠረቱን እሱ በእጁ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ ሰው ደግሞ አንዳንድ ነገር ይጨምራል። ወንጂ በሐሳቡ ለገዛው ፔጆ ጋራዥ ይሠራል። ወርቄ ሁልጊዜ የምታስገባው ቧንቧ ያለው መታጠቢያ ቤት ነበር፤ ሰፈሯ ቧንቧ አልደረሰም ነበርና። እኔ መስኮት አወጣለሁ፤ አዳራሻችን መስኮት ስላልነበረው ይሆናል። በቁም ነገር እንጣላም ነበር። ማድ ቤቱ ለሳሎኑ ቀረበ፣ የሽንኩርት ሽታ ያስገባል ተባብለው የተኮራረፉ ሰዎች አውቃለሁ። ሁለተኛው ጥሩምባ ሲነፋ ጋሽ ታፈሰ ይነሣና መዳፎቹን ከፍ አድርጎ ወደ መሬት ይጫናል። ማሽን ከተነሣ በኋላ የሰው ድምፅ ስለማይሰማ ሁላችንም የእጅ ንግግር ለምደናል፤ ይህም አንዱ ነበር። አፍርሱ። ሁላችንም መዳፋችንን ተጭነን እናፈርሳለን። ያላፈረሰ ሰው ወደ ማሽኑ እንዲሄድ አይፈቅድም።

ነገሩ ከፋብሪካው ካድሬ ጆሮ ደረሰ። ጊዜው ትርፍ ቤት የተወረሰበት፣ ስለ ቪላ ማውራት ራሱ የሚያስጠረጥርበት ነበር። ካድሬው ሻያችን ላይ መጥቶ፣ ሠርቶ አደር እንዴት የከበርቴ ሕልም ያልማል ብሎ ገሠጸን። ሁላችንም አቀረቀርን። ጋሽ ታፈሰ ሻዩን ፉት አለና፣ «ጓድ፣ እኔ ትርፍ ቤት የለኝም» አለው። «በቀን አንድ ብቻ ነው የምሠራው። እሱንም አንተ ሳትወርሰው ራሴ አፈርሰዋለሁ።» ካድሬው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። በሌላ ቀን መጥቶ ለቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ጨመረ።

ለምን እንደሚፈርስ ግን አልገባኝም ነበርና አንድ ቀን ጠየቅሁት። ግማሿን ጣት አሳየኝ። ድሬዳዋ ገና ወጣት ሠራተኛ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ከጅቡቲ በባቡር በሚገባ ኮንትሮባንድ ድንገት ባለጸጋ ሆኖ ነበር፤ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጫማ የገዛ ሰው ነው። ታፈሰ ማሽን ላይ ቆሞ በሐሳቡ ከወንድሙ ጋር ይነግዳል፣ ቤት ይሠራል። ሦስተኛውን ፎቅ ሲያወጣ ማሽኑ ጣቱን ወሰደው። ወንድሙም አልቆየም። ጉምሩክ ዕቃውን ወሰደበት፣ እሱም ታሰረ፤ ሲፈታ ሚስቱ የተቀመጠችበትን ወንበር ሳይቀር ሸጦ ከአገር ጠፋ።

«ሀብት በባቡር ሲመጣ አይቻለሁ፣ በባቡር ሲሄድም አይቻለሁ፤ ጣቢያው ላይ ነበርኩ» አለኝ። «ሕልምሽን አትጣይ፣ መራዊ። ሰዓቱን ብቻ ጠብቂለት።»

እንግዲህ ባሌን ላስተዋውቅ። ደሳለኝ የናዝሬት ልጅ ነው፤ በጋሽ ታፈሰ ሥር ረዳት መካኒክ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ ከእጁ ይፈጥናል። በተጋባን በዓመቱ ፋብሪካው ለማታ የቴክኒክ ትምህርት መረጠው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፈረቃ በኋላ መማር ነው፤ ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ የሚጨመረው ደመወዝ ለልጅ ወተት ቢበቃ ነው። እኔ እርጉዝ ነበርሁ፤ የምንኖረውም የአልጋችን እግር በሩን በሚነካበት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲለው፣ «እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ እሸብታለሁ» ይል ነበር። አልፈርድበትም። ወጣት ነው፣ አባት ሊሆን ነው፣ በዚያ ላይ ሦስት ዓመት በዚያ ዕድሜ ዘላለም ነው።

ያን ሰሞን የጋሽ ታፈሰ ቤቶች በዘጌ ቡና መሠራት ጀመሩ። ዘጌ ላይ ቡና ርካሽ ነው፤ በሐይቁ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ደልጊ ብታደርሰው ግን ዋጋው ሌላ ነው። መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው፤ ሐይቁ ላይ ኬላ የሚያቆም ማን ነው? አንድ ታንኳ ሙሉ ካሻገርህ ሦስት ፎቅ። እንዲህ እያለ ሲያወራ ስቀን ክፍሎቻችንን ጨመርን። መዳፎቹን ሲጫን እኛም ተጫንን። ደሳለኝም እጆቹን ዝቅ አድርጓል፤ ልቡ ውስጥ ግን ቤቱ እንደ ቆመ ቀረ።

አንድ ማታ እራት እየበላን ነገረኝ። ደልጊ ላይ የሚረከብ ነጋዴ አግኝቷል፤ ከዘጌ ቀዛፊ አነጋግሯል፤ ትምህርቱን እንደሚተው ለኃላፊው ተናግሯል። የያዝሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥሁ። በዚያ ዘመን ከቤት ፍጆታ ያለፈ ቡና ያለ ፈቃድ ይዞ የተገኘ ሰው ይታሰራል፤ ሥራውን ያጣል። ከሥራ የወጣ ጎልማሳ ወደ ጦር ግንባር ሊላክ እንደሚችልም የማያውቅ አልነበረም። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍሁት። ጋሽ ታፈሰ በየቀኑ የሚያወራውን እኔ ላደርገው ነው እንጂ ምን አዲስ ነገር አመጣሁ አለኝ።

በማግሥቱ ጋሽ ታፈሰን ማሽን ሲፈታ አገኘሁትና ከአዳራሹ ውጭ ጠራሁት።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ዛሬ አንተ አልልዎትም» አልሁት። «እርስዎ በሻይ ሰዓት የሠሩት ቤት የእኔን ቤት ሊያፈርስ ነው። ደሳለኝ ትምህርቱን ትቶ ቡና ሊያሻግር ነው። ቢያዝ የምወልደው ልጅ አባቱን የሚያየው በእስር ቤት አጥር ነው።»

እጁ ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ ጣት በጣት ጠረገ። ሳይቀልድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ከለከልሽው?» አለኝ።

«ከለከልሁት።»

«እኔም ወንድሜን ከልክዬው ነበር» አለ። «የከለከሉት ሰው ተደብቆ ይሄዳል፤ ያኔ የሚደርስለት የለም።» ከዚያ «በይ ሂጂ፣ ማሽንሽ ቆሟል» ብሎኝ ገባ።

በሦስተኛው ቀን ደሳለኝ ፊቱ እየበራ ቤት መጣ። ጋሽ ታፈሰ ሸሪክ ሆኗል። ገንዘቡን ሁሉ የሚያወጣው እሱ ነው፤ ደሳለኝ ድርሻውን ከትርፉ ይከፍላል። ቡናው የሚጠራቀመው እሱ ቤት ነው፤ ታንኳውንም የሚገዛው እሱ ነው። እንዴት እንደ ተናደድሁ ልነግራችሁ አልችልም። ለካ ይህ ሽማግሌ ቤቱን የሚያፈርሰው የሚሠራበት እስኪያገኝ ነው አልሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሣሁት። ሻዬንም ከግንቡ በሌላው በኩል ብቻዬን እጠጣ ጀመር። ሲያልፍ «መራዊ» ይለኛል፤ እኔ ወደ ሐይቁ አያለሁ።

ቡናውን የሰበሰበችው ሚስቱ እትዬ ዘነቡ ናት፤ እሷንም እንደ ባሏ አንቺ ነበር የምንላት። እሷ ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ከዘጌ በታንኳ መጥተው ገበያ ከሚቀመጡት ሴቶች እንደ ማንኛዋም እመቤት ትንሽ ትንሽ እየገዛች አልጋ ሥር አጠራቀመችው። ጆንያዎቹን ደግሞ ጋሽ ታፈሰ ራሱ ሰፋቸው።

ስለ ታንኳ ትንሽ መናገር አለብኝ። የጣና ታንኳ የእንጨት ጀልባ አይደለም፤ ደንገል የሚባለው የሐይቅ ዳር ሸምበቆ ታስሮ የሚሠራ ነው። ውኃ ይጠጣል። ጥቂት ከሠራ በኋላ ዳርቻ ላይ ቀጥ አድርገው አቁመው ያደርቁታል፤ ሳይደርቅ ከጫኑት ይሰምጣል። የሐይቁ ልጅ ይህን የሚያውቀው ከእናቱ ጡት ጋር ነው። በደመወዝ የመጣን የፋብሪካ ሰዎች ግን ምን እናውቃለን? ደሳለኝ የናዝሬት ልጅ፣ እኔ የመራዊ ገበሬ ልጅ፣ ጋሽ ታፈሰ ደግሞ ወንዙ ራሱ አሸዋ ከሆነበት አገር የመጣ ሰው ነው። ለእኛ ታንኳ ሁሉ ታንኳ ነው።

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ወደ ማታው፣ ዓሣ አጥማጆች በሚመለሱበትና ማንም ማንንም ልብ በማይልበት ሰዓት። አትምጪ ብባልም ሆዴን ይዤ ሄድሁ። ጆንያዎቹን ታንኳው ላይ ደርድረው ሣር አለበሷቸው። ቀዛፊው፣ ሰው እንዳያየው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ይጠብቃል፤ እስከዚያ ደሳለኝ በረጅም እንጨት እየገፋ ይወስደዋል። ጋሽ ታፈሰ ሱሪውን ሰብስቦ ከኋላ ገፋ። እኔ ዳር ቆሜ እመቤቴን እለምናለሁ፤ ምን ብዬ እንደምለምናት ግን አላውቅም ነበር። በሰላም ይድረስ ልበል፣ ወይስ አይሂድ?

ሩቅ አልሄደም። ዳር ላይ ልብስ ለሚያጥቡ ሴቶች ድምፃችን በሚደርስበት ቦታ ላይ ታንኳው እንደ ደከመ በሬ ጎኑን ጣል አደረገና ተኛ። ደሳለኝ እንጨቱን እንደ ያዘ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ጆንያዎቹ ሲገለበጡ ስፌታቸው ተተረተረ፤ ቡናው የተፈለፈለ ነበርና እንደ ጠጠር ወደ ታች ወረደ። ሴቶቹ ልብሳቸውን ትተው ይስቁ ጀመር። ጋሽ ታፈሰ እየተንቦራጨቀ ደረሰና ባዶውን ጆንያ እየለቀመ ማልቀስ ይሁን መሣቅ የማይለይ ድምፅ አሰማ።

አብዮት ጠባቂው የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ከዳር ቆሞ ምን እንደ ሰመጠ ጠየቀ።

«ቤቴ ነው» አለው ጋሽ ታፈሰ ከውኃው ውስጥ።

የጋሽ ታፈሰን ቤቶች የማያውቅ የከተማ ሰው አልነበረም። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ተደግፎ እስኪያለቅስ ሣቀ። «ስንት ፎቅ ነበር?» አለው።

«አንድ ክፍል» አለ ጋሽ ታፈሰ።

ሰውየው እየሣቀ ሄደ። ባዶ ጆንያና የሰመጠ ታንኳ እንጂ የሚያስጠይቅ ነገር አልቀረም። ወሬው ለሰኞ ፈረቃ ከእኛ ቀድሞ ደረሰ፤ ሐይቁ ቡና ጠጣ ተባለ። ወንጂ፣ ደረቅና እርጥብ ታንኳ የማይለይ ሰው ስንት ዓመት ክር ሲለይልን ኖረ ብሎ ሁሉን አሣቀ። ከሁሉም በላይ የሣቀው ጋሽ ታፈሰ ነበር።

ደሳለኝ በመጀመሪያ አንገቱን ደፋ። ኋላ ግን ሰው ሁሉ የሚስቀው በጋሽ ታፈሰ መሆኑን ሲያይ እሱም ይስቅ ጀመር። ጋሽ ታፈሰ እጁን ይዞ ወደ ትምህርት ኃላፊው ወሰደው። «አንተ፣ ይሄን ልጅ መልሰህ መዝግበው» አለው ኃላፊውን። «ውኃ ገብቶበት ነበር፤ አሁን ደርቋል።» መዘገበው። ሦስቱ ዓመት እንደ ፈሩት ዘላለም አልሆነም። የመጀመሪያ ልጃችን ያን ጊዜ አፏን ፈትታ ነበር፤ አባቷ ማታ ደብተር ላይ እንቅልፍ ሲጥለው የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። ደሳለኝ ቴክኒሻን ሆነ፤ ከዚያ በየጊዜው አንዳንድ ደረጃ እያለ የጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኖ ጡረታ ወጣ። ሀብታም አልሆንንም። ልጆች አስተማርን፤ መራዊ ላይ ትልልቅ መስኮቶች ያሉት ቤት ሠራን። ፎቅ የለውም።

እኔም ከጋሽ ታፈሰ ጋር ታረቅሁ። አላዋቂነቱ ባሌን ከወህኒ አዳነልኝ፣ በምን አፌ እቆጣዋለሁ? በልቤ ግን አልቀለለኝም ነበር፤ ሰውየው ደግ ቢሆንም ለገንዘብ ልቡ እንደሚዋልል በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ አምን ነበር። በበዓል ቤታችን ሲመጣ ደሳለኝ የታንኳውን ታሪክ እያሳመረ ያወራል፤ ልጆቹ ይንከተከታሉ፤ ጋሽ ታፈሰ ግማሽ ጣቱን እያወዛወዘ፣ ታንኳው ሲያቅማማ እንዴት እንደ ነበረ ያሳያቸዋል። ጡረታ ሲወጣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ዣንጥላ ዘርግቶ የልብስ ስፌት መኪና ይጠግን ጀመር። ዝናብ ሲመጣ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ሰው በረንዳ ይሮጣል። ያን ሁሉ ፎቅ የሠራ ሰው አንድ ጣራ አጣ እያልን እንቀልድበት ነበር። እሱም ይቀልዳል።

ለቅሶው ቤት ወርቄን ይዘን ከደሳለኝ ጋር ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ የሽመና ክፍል ሰው ግማሹ አለ፤ አርጅተናል፣ ከስተናል፣ አንሰማም። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላው በኩል ተቀመጥን። እትዬ ዘነቡ አጠገቧ አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ደሳለኝ ማዶ ተቀምጦ ለቀስተኛውን ለማጽናናት ያንኑ ታሪክ ጀምሮ ነበር፤ ታንኳውን፣ ጆንያውን፣ ደረቅና እርጥብ የማይለየውን መካኒክ። እትዬ ዘነቡ እየሰማች ፈገግ አለች።

«ታንኳዋን እኔ ነኝ የመረጥሁለት» አለችኝ።

በደንብ የሰማሁ አልመሰለኝም። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ውኃ የጠገበችውን አሳዪኝ፤ ከዳር የማትርቀውን፣ ሰው የማይሰምጥበት ቦታ ላይ የምትተኛውን አለኝ። ወሰድሁት። ታንኳ ሠሪው ሽማግሌ አልሸጥም ብሎ ሞገተን። ጠጥታለች፣ ደረቋን ልስጣችሁ አለ። ታፈሰ መዳፉን ደንገሉ ላይ አሳረፈና እሷን ነው የምፈልግ አለው። ጆንያውንም ሲሰፋ አንዱን ክር እየዘለለ ነው።»

«ለምን አልነገራችሁንም፣ እትዬ?»

«ለደሳለኝ ንገረው ብየው ነበር። ሰው በሽማግሌ ስሕተት ሲስቅ ይማራል፣ በራሱ ሲያፍር ግን ተደብቆ ይደግመዋል አለኝ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ገንዘቡ የዕቁባችን ነበር። አውቶቡስ ተራ አንዲት ሻይ ቤት ልንከፍትበት ነበር። አንድ ክፍል። ከሻይ ሰዓት ውጭ ያለማት እሷን ብቻ ነው።»

ያን እሑድ ከውኃው ውስጥ ሆኖ የመለሰው መልስ ትዝ አለኝ። ሁላችንም ስንስቅ እውነቱን ነበር የተናገረው። ዣንጥላው ትዝ አለኝ፤ ዝናብ ሲመጣ የሚሮጠው ሩጫ፣ ስንቀልድበት አብሮን የሚስቀው ሣቅ። አለቀስሁ፤ መርዶውን ስሰማ ካለቀስሁት የበለጠ አለቀስሁ።

ማዶ ደሳለኝ ታንኳው የሚተኛበት ቦታ ላይ ደርሷል። እጄን አነሣሁና ዓይኑን ያዝሁት። መዳፌን አየር ላይ አግድም አሳረፍሁ፣ ጋሽ ታፈሰ ድሩ ላይ እንደሚያሳርፈው። ከዚያ ግንባሬን ነካሁ። ያውቅ ነበር። ደሳለኝ አልገባውም፤ ደገምሁለት። ጠጥቶ ነበር፣ ያውቅ ነበር። ወሬው አፉ ላይ ቀረ። አጠገቡ የነበሩት «ከዚያስ?» ይሉታል፤ እሱ እኔን ያያል፣ እትዬ ዘነቡን ያያል። እሷ ራሷን ነቀነቀችለት። የስድሳ ዓመት ሰው ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ ቆየ።

ሲገልጠው ጎንበስ ብሎ በእጁ መሬት ላይ መሠረት ዘረጋ። ጠባብ ነው፤ አንድ ክፍል። ሽመና ክፍል የነበረ ሁሉ አየው። ለቅሶ ቤት ነውና ማንም አልተናገረም፤ ሁሉም በእጅ ነበር። ወንጂ ጋራዡን ትቶ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስገባ። አንዱ ምድጃ ሠራ፣ አንዱ ጀበናውን ትቶ ትልቅ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጣደ። ወርቄ ቧንቧ አስገባች። እኔ በሐይቁ በኩል መስኮት አወጣሁ። እትዬ ዘነቡ እያለቀሰች በሩን ከፈተች።

አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። የልማድ ነገር ሆኖብን ሁላችንም መዳፎቻችንን አነሣን። ከዚያ ተያየን። ያ ሁሉ እጅ ከፍ እንዳለ ቆየ፤ ወደ መሬት የተጫነ አልነበረም። አንድ በአንድ እጃችንን ወደ ጭናችን መለስን፤ ቤቱን እንደ ቆመ ትተን ወጣን።